የሥራ ቀን ራትና የቅዳሜና እሁድ ራት፦ የትኛው ሥራ በየትኛው ቀን ይሠራ?

ጥያቄ | የጠያቂው የብዕር ስም፦ ማታ አንድ ተኩል (ከየመልሱ በላይ ያለውም የጸሐፊው የብዕር ስም ነው)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ የአራት ሰው ነው፤ ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጆች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት የሚገባው 12፡30 ገደማ ነው፤ ልጆቹ በጊዜ ስለሚተኙ ራት 1፡30 ላይ መቅረብ አለበት። ቅዳሜና እሁድ ጊዜ አለ፤ ግን ያው ጊዜ ለዕለቱ ደህና ራት መሥሪያም፣ ለሳምንቱ ማዘጋጃም ይፈለጋል።

አሁን ያለው አሠራር እሁድ ከሰዓት የአምስት ቀን ምግብ አብስሎ ፍሪጅ መክተት ነው። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐሙስ ላይ ምግቡ ይኮመጥጣል። ሩዙ በማግስቱ ጠጠር ይሆናል። ፍሪዘር የገባ ድንች ሲሞቅ አሸዋ አሸዋ ይላል። እሁድ ማታ ደግሞ ያብሳዩ ጉልበት ስለሚያልቅ የእሁድ ራት ዳቦ በእንቁላል ሆኖ ይቀራል።

ያለው ዕቃ፦ አራት ምድጃ ያለው ስቶቭ ከነኦቨኑ፣ ፕሬዠር ድስት፣ ትንሽ ፍሪዘር ያለው ፍሪጅ። ማይክሮዌቭ የለም። ምኑ ቀድሞ ይሠራ? ምኑ ለዕለቱ ይቅር? ስንት ቀን ይቆያል?

ቀጭን እሳት

ሙሉ ምግብ አብስሎ ማስቀመጡን ይተዉት። አንድ ራት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ረጅም ነው፣ ግን ሰው አጠገቡ እንዲቆም አይፈልግም፦ ጥራጥሬ መቀቀል፣ ጠንካራ ሥጋ ማብሰል፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ የአጥንት መረቅ ማውጣት። ሁለተኛው አጭር ነው፣ ግን ሲቆይ ይበላሻል፦ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሰላጣ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የተጠበሰ ነገር ሁሉ። የመጀመሪያውን ለእሁድ ያድርጉት፣ ሁለተኛውን ለዕለቱ ይተዉት። ሩዝ በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ አምስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጠው ምክንያት የለም።

ጥራጥሬውን ቅዳሜ ማታ ይዘፍዝፉት። 500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ በ2 ሊትር ውሃ። ጠዋት ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይጣዱት። በፕሬዠር ድስት እንፋሎቱ መውጣት ከጀመረ በኋላ ቦሎቄ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ሽምብራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ያረጀ ጥራጥሬ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ድስቱ ከግማሽ በላይ መሞላት የለበትም፤ ጥራጥሬ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሰዋል። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጥራጥሬው ሳይለሰልስ አይግባ። አሲድ ልጣጩን ያጠነክረዋል፤ “ሦስት ሰዓት ጥጄው አልበስል አለ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ከ500 ግራም ደረቅ ከ1 ኪሎ በላይ የበሰለ ይወጣል፤ ለአራት ሰው ሁለት ራት ማለት ነው። ሲያስቀምጡት የተቀቀለበት ውሃ ይሸፍነው፤ ያለዚያ ከላይ ያለው ይደርቅና ልጣጩ ይሰነጠቃል።

ሥጋ ከሆነ የትከሻ ወይም የቅልጥም ሥጋ ይግዙ። 1 ኪሎ በ4 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ በቀጭን እሳት ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በፕሬዠር ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። እንዲህ ያለው ሥጋ ቢቆይ አይጎዳም፤ በራሱ መረቅ ውስጥ አድሮ ሲሞቅ እንዲያውም ይሻላል። ለስላሳውንና ቶሎ የሚበስለውን ሥጋ ግን ቀድመው አያብስሉት፤ ሁለተኛ ሲሞቅ ጎማ ይሆናል።

ይህ ካለ የሥራ ቀኑ ማታ እንዲህ ይሄዳል። 12፡35 የሩዝ ውሃ ይጣዳል፤ ልብስ እስኪቀየር ይፈላል። 12፡45 ሩዙ ይገባና እሳቱ ይቀነሳል። በሌላ ምድጃ ላይ የተቁላላ ሽንኩርት ከሩብ ሲኒ ውሃ ጋር ይሞቃል፤ ሁለት የተከተፈ ቲማቲም ይገባና 7 ደቂቃ ይበስላል፤ ከዚያ 600 ግራም ቦሎቄ ከነውሃው ይገባና 10 ደቂቃ ይንተከተካል። ጨው መጨረሻ ላይ። በመሐል ሰላጣ ይከተፋል። 1፡10 ላይ ሁሉም ደርሷል፤ የተረፈው 20 ደቂቃ መዘግየት ለማይቀርበት ማታ መጠባበቂያ ነው።

ድንቹ የሚበላሸው ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን የድንቹን ሕዋሳት ስለሚሰብር ነው፤ ሲሞቅ ውሃው ለብቻ፣ ስታርቹ ለብቻ ይወጣል። ፍሪዘር የሚገባው ምግብ ያለ ድንች ይሠራ፤ ድንቹ ለዕለቱ በ2 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ 15 ደቂቃ ይቀቀል። ወተት ወይም ክሬም ያለበት ሶስም እንዲሁ ነው፤ ሲቀልጥ ይለያያል፣ ስለዚህ ወተቱ ሲሞቅ ይጨመር። ምስር፣ ክክ፣ ቦሎቄ፣ የቲማቲም ሶስ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ መረቅ ግን ምንም አይሆኑም።

ቴርሞሜትር

ሐሙስ የኮመጠጠው ምግብ ችግሩ የጀመረው እሁድ ማታ ነው። ትልቅ ድስት ክዳኑ ተዘግቶ ስቶቭ ላይ ሲቀመጥ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው። የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 4 ሰዓታት ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። ስድስት ሊትር ድስት ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ እንኳ ይህን አያደርግም፤ ጭራሽ አጠገቡ ያለውን ወተት ያሞቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምግቡን ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ባላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ያከፋፍሉት። ወይም ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ ውሃውን ሁለቴ ይቀይሩ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብዙውን ሙቀት ያወጣል። እንፋሎቱ እስኪያልቅ ክዳን አይደረግ። ከዚያ ወደ ፍሪጅ፤ ዕቃዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር።

ፍሪጁ ራሱ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በሩ ላይ ያለው ከ1 እስከ 5 የሚል መዘውር ዲግሪ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ውሃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩና ጠዋት ቴርሞሜትር ይክተቱበት። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18።

ቀኑን በተመለከተ፦ የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። የእሁድ ምግብ እስከ ረቡዕ ይበላ፤ የሐሙስና የዓርብ ድርሻ እሁድ ዕለቱን ፍሪዘር ይግባ። “እስኪ እስከ ረቡዕ ይታይ” ብሎ ረቡዕ ማታ ፍሪዘር መክተት ምግቡን አያድሰውም፤ ቅዝቃዜው ባክቴሪያውን ያስቆመዋል እንጂ አይገድለውም። በማሽተት ደግሞ አይፈረድም፤ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ሽታም ጣዕምም ላይለውጡ ይችላሉ።

ሲሞቅ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ እያማሰሉ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሐሉም እስኪንተከተክ። የሚሞቀው ለዚያ ማታ የሚበላው ብቻ ነው፤ ሙሉውን ድስት በየማታው አሙቆ መመለስ የምግቡን ዕድሜ ይቆርጣል።

ሩዝ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባሲለስ ሴሬስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘር መቀቀልን ይቋቋማል፤ የበሰለ ሩዝ ሳይቀዘቅዝ ሲያድር ዘሩ ይነቃና መርዝ ያመርታል፤ መርዙ ደግሞ ዳግመኛ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈ ሩዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፋ ባለ ዕቃ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይበላ። ጠጠር መሆኑ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ነው፤ ለአንድ ሲኒ ሩዝ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ረጭተው ክዳኑን ገጥመው በቀጭን እሳት ቢያሞቁት ይመለሳል።

ቀይ ቦሎቄ ላይም እንዲሁ። ጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ እየፈላ መቀቀል አለበት። ትንሹ 10 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃ ቢሆን ግን ይመረጣል። በተለይ ከፍታ ቦታ ላይ፦ በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጊዜው መርዘም አለበት፤ ፕሬዠር ድስት ይህን ይፈታል። ለብ ባለ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ግን ጥሬውን መክተት አደገኛ ነው።

ማታ አንድ ተኩል

አመሰግናለሁ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የሥራ ቀን ትልቁን ጊዜ የሚበላው ሽንኩርት ነው፤ ለሳምንቱ ጥሬውን ከትፎ ማስቀመጥ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ፍሪዘሩ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሣጥን ከገባበት ሞላ። ሦስተኛ፣ ጠዋት ከፍሪዘር ማውጣት ሲረሳስ?

ሽንኩርት ላጭ

ጥሬውን ከትፎ ማስቀመጡ ብዙ አያተርፍም። ሽንኩርት ሲቆረጥ የሚነቁት ኢንዛይሞች ሽታውን ያከርሩታል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ፍሪጁን በሙሉ ይሸታል፣ ሲጠበስም ይመራል። ደግሞም ረጅሙ ሥራ መክተፉ ሳይሆን ማቁላላቱ ነው። ያንን ይጨርሱት።

2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሰፊ ድስት ይምረጡ። ጠባብና ጥልቅ ድስት ውስጥ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና ያ ውሃ የሚወጣበት ስፋት ይፈልጋል። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ክዳን ገጥመው በመካከለኛ እሳት፤ ጨው ውሃውን ያስወጣዋል። ከዚያ ክዳኑን ያንሱና በየ5 ደቂቃው እያማሰሉ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። ሥሩ መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ ያድርጉና ይፋቁት፤ ያ የተፋቀው ነው ቀለሙም ጣዕሙም። እሳት ጨምሮ ማፋጠን አይሠራም፤ ዳሩ ያርርና መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ከ600 እስከ 700 ግራም ይወጣል። መቶ መቶ ግራም አድርገው ይከፋፍሉት፤ አንዱ ድርሻ 300 ግራም ገደማ ጥሬ ሽንኩርትን ይተካል። ሦስቱ ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር። የበረዶ መሥሪያ ትሪ ካለ በእሱ አቀዝቅዘው ወደ ላስቲክ ያዙሩት። ቅመም አሁን አይጨምሩ፤ ቅመም ከገባበት ሁሉም ራት አንድ ጣዕም ይሆናል።

ነጭ ሽንኩርት ግን ተጠንቀቁ። ፈጭቶ ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ አደገኛም ነው፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ያድጋል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ብቻ።

የፍሪዘሩ ጥበት በሣጥን አይፈታም። ወፈር ባለ የፍሪዘር ላስቲክ ውስጥ የአንድ ማታ ድርሻ ይጨምሩ፣ አየሩን ያስወጡ፣ ትሪ ላይ አስተኝተው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ያቀዝቅዙት። ሲደርቅ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል፤ ሁለት ሣጥን የነበረበት ቦታ ስድስት ወይም ሰባት ላስቲክ ይይዛል። ፈሳሽ በጠርሙስ ወይም በሣጥን ከሆነ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ክዳኑን ይገፋል፣ ብርጭቆ ከሆነም ይሰብራል። ሳያቀዘቅዙ በፊት ስሙንና ቀኑን ይጻፉበት። በረዶ የሆነ የቲማቲም ሶስና በረዶ የሆነ ቀይ ምስር በዓይን አይለዩም።

ማውጣት ሲረሳ፦ ያ የ2 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ አፉ በደንብ ተዘግቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቢቀመጥ ይለቃል። ጊዜም ከሌለ የበሰለ ምግብ እስከሆነ ድረስ እንደ በረዶ ይሰባብሩትና 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት ድስት ክዳን ገጥመው በቀጭን እሳት 15 ደቂቃ ያሙቁት፤ ውሃው ባይኖር ሥሩ እያረረ ላዩ በረዶ ይሆናል። የማይደረገው ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ሥራ መሄድ ነው። ጥሬ ዶሮም በሙቅ ውሃ አይነከርም፤ ውጪው ሲሞቅ ውስጡ ገና ድንጋይ ነው።

የቅዳሜ ድስት

ከላይ የተባለውን አልቃወምም፣ ግን እሁድን ሙሉ በሙሉ ለዝግጅት መስጠት አያስፈልግም። ጥያቄው ላይ የእሁድ ራት መና መቅረቱ ተነስቷል፤ መልሶቹ ደግሞ እሁድ ላይ ሌላ ሥራ ጨመሩበት። ቅዳሜ ማታ ለራት የሚሠራውን አንዱን ምግብ እጥፍ አድርጎ ሠርቶ ግማሹን ፍሪዘር መክተት ያዋጣል። የምድጃው ጊዜ እምብዛም አይጨምርም፣ የሚታጠበውም ዕቃ ያው ነው። በየቅዳሜው የተለያየ ነገር ከተሠራ በወር ውስጥ ፍሪዘሩ አራት ዓይነት ራት ይይዛል።

እጥፍ ሲሠራ የሚሳሳቱበት ቦታ ፈሳሹ ነው። ውሃ የሚተነው በድስቱ አፍ ስፋት ልክ እንጂ በምግቡ ብዛት ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሁለት እጥፍ ሲሆን ውሃው አንድ ከግማሽ ይሁን፣ ካነሰ በኋላ ይጨመራል። ጨውም መጀመሪያ ላይ ከእጥፍ ያንስ፤ ሲሞቅ እንደገና ስለሚተን ይጠነክራል። ሥጋውን በአንዴ ድስት ውስጥ መገልበጥ ደግሞ ውሃ ያወጣና ቡናማ አይሆንም፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠበስ።

የቅዳሜና እሁድ ራት መቆየት የማይችለው ምግብ ተራ ይሁን። ዓሣ፣ ከኦቨን በቀጥታ የሚቀርብ ነገር፣ ትኩስ ዳቦ። ኦቨኑ ለእሁድ ጥሩ ነው፤ ስቶቩ ላይ ሽንኩርቱና ቦሎቄው እየበሰሉ ኦቨኑ ራቱን ይሠራል። 1.5 ኪሎ ዶሮ በ200 ዲግሪ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ፤ የታፋው ወፍራም ቦታ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቅዳሜ ማታ ጨው ተቀብቶ ሳይከደን ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ቆዳው ይደርቅና ጥርት ብሎ ይጠበሳል። አትክልቱ ለብቻ ትሪ፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ፣ ሳይደራረብ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ከተደራረበ እንፋሎት ነው የሚሆነው። አጥንቱን በ2 ሊትር ውሃ 2 ሰዓት በቀጭን እሳት ይጣዱት፤ ያ የማክሰኞ ሾርባ ነው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ፦ መዘግየት ካለ ቅዳሜ ይሁን። እሁድ ምሳ 9 ሰዓት ከተበላ ራት 3 ሰዓት ይሆናል፣ ልጆች ዘግይተው ይተኛሉ፣ ሰኞ ጠዋት ችግር ነው። እሁድ ምሳ ከ7 ሰዓት ባያልፍ፣ ራት እንደ ሥራ ቀኑ 1፡30 ላይ ቢሆን ይሻላል።

ማታ አንድ ተኩል

የቅዳሜውን እጥፍ ከእሁዱ ሽንኩርትና ቦሎቄ ጋር አጣምሬ እሞክራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ልጆቹ ሰኞ የበሉትን ረቡዕ ሲያዩ አይነኩትም። ቦሎቄው ለሁለት ራት ከሆነ ምን ይደረጋል?

ቀጭን እሳት

ቦሎቄው ያለ ቅመም የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ሰኞ በቲማቲም ከቀረበ ረቡዕ ቅርጹን ይቀይሩት፤ ልጆች የሚለዩት ከጣዕሙ በፊት መልኩን ነው። 500 ግራም የበሰለ ቦሎቄ ውሃው ተጠልሎ በጨርቅ ይደረቅ፣ በሹካ ይፈጭ፤ ሩብ ያህሉ ሳይደቅ ይቅር። አንድ እንቁላል፣ 5 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ ድርሻ የተቁላላ ሽንኩርት ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ጨው። ስምንት ጠፍጣፋ ድቡልቡል አድርገው 20 ደቂቃ ፍሪጅ ያስቀምጡ፤ በጥቂት ዘይት በእያንዳንዱ ጎን 4 ደቂቃ ይጥበሱ። መጥበሻው ላይ ከፈረሰ ቦሎቄው ርጥብ ነበር፤ አንድ ማንኪያ ፍርፋሪ ይጨምሩ እንጂ ሁለተኛ እንቁላል አይጨምሩ፣ ይባስ ያቀጥነዋል። ቶሎ ቶሎ መገልበጥም ያፈርሰዋል፤ ሥሩ ቅርፊት ይዞ ራሱ ከመጥበሻው እስኪላቀቅ ይጠብቁት። ማድቦልቦሉንና ማቀዝቀዙን ማክሰኞ ማታ ዕቃ እየታጠበ ሳለ ቢሠሩት ረቡዕ የሚቀረው መጥበሱ ብቻ ነው።